ባለስሙ ይምጣ

አምቦ ውስጥ ወርቅቱን «ወይዘሪት ነገራ» ብሎ የጠራት ሰው የለም። ምን ሲባል! ነገራ አባቷ ናቸው፤ ያሉትም ጎጆ በምትባል የደጋ መንደር ነው፣ በዚያ ብርድ አገር፣ ገብስና ድንች እያረሱ። እሷ ወርቅቱ ናት። ተማሪዎቿ «ቲቸር ወርቅቱ» ይሏታል፣ ጎረቤት «ወርቄ» ይላታል፣ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ስም ሲጠራ ደግሞ «ጓድ ወርቅቱ» ናት። እኛ ዘንድ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ የአባት ስም ከኋላ ተከትሎ የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራል፣ በቃ። ይህ ለማንም ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር አይመስልም። ሁለት ዓመት ሙሉ መከራዋን ያበላት ግን ይኸው ነው።

በ1973 ዓ.ም. ወርቅቱ ከአምቦ ትምህርት ቤቶች በአንዱ ባዮሎጂ ታስተምር ነበር። ሠላሳ ልትደፍን ትንሽ የቀራት፣ ያላገባች፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ እጅጌው ጠመኔ የነካው ሹራብ ከላይዋ የማይጠፋ ሴት። ጠዋት ታስተምራለች፣ ከሰዓት ታስተምራለች፣ ማታ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ እናቶችን ሀ ሁ ታስቆጥራለች፣ እሑድ ስብሰባ አለ። ስብሰባው ላይ ደግሞ መፈክር አለ፣ ግራ እጅን ማንሳት አለ። እጇ ደከመ ስላችሁ ቀልድ አይደለም። ትምህርት ቤቱ የነበረው ማይክሮስኮፕ አንድ ነበር፤ እሱም ከተበላሸ ቆይቷል። ስለዚህ ሴል የሚባለውን ነገር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ትስላለች፤ ተማሪው ይገለብጣል፤ ደወል ይደወላል፤ ታጠፋዋለች፤ ለሚቀጥለው ክፍል እንደገና ትስላለች። ኑሮዋ ይኸው ነበር።

የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ውጭ አገር ሄዳ ሁለተኛ ዲግሪዋን መማር። ለዚያውም ስለ ድንች። አትሳቁ። ልጅ ሳለች አንድ ክረምት ጎጆ ላይ የአባቷ ድንች ቅጠሉ ጥቁር ብሎ ረገፈ፣ ሲቆፈርም ከአፈሩ ውስጥ የሚገማ ውሃ ወጣ። የሰፈሩ ሰው ቅጣት ነው አለ። ኦቦ ነገራ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸውና ተንበርክከው ጸለዩ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ጠቆረ። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ይህን ለመምህሯ ለዶክተር ተሬፋ ብትነግራቸው ሳቅ አሉና፣ «ይሄማ ስሙ የታወቀ በሽታ ነው። ሆላንድ አገር ድንች ብቻ የሚያጠኑ ሰዎች አሉ» አሏት።

«ድንች ብቻ?»

«ድንች ብቻ። ጡረታ እስኪወጡ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆላንድ ልቧ ውስጥ ገብታ ቀረች።

እውነቱ ይነገር ከተባለ ግን ድንቹ ብቻ አልነበረም። በ1970 ታናሽ ወንድሟን ጂራን ከቤት ወሰዱት። እነማን እንደወሰዱት ይታወቃል፤ የት እንዳደረሱት ግን አይታወቅም። ሬሳ አልተሰጠ፣ ለቅሶ አልተቀመጡ። ጂራ ማለት በኦሮምኛ «አለ» ማለት ነው፤ ከእሱ በፊት የተወለዱት ወንዶች በሕፃንነታቸው ሞተውባቸው ነበርና፣ ኦቦ ነገራ ይሄኛውስ ይኑርልኝ ብለው ያወጡለት ስም ነው። ልጁ ከተወሰደ በኋላ በዚያ ቤት ያ ቃል ጭንቅ ሆነ። ጨው አለ ወይ ለማለት እንኳ ሰው አፉን ይይዛል። እናትየው ዓመት ሳይሞላቸው ተከተሉ፤ ሰው በጉበት ነው አለ፣ ይበል። ወርቅቱ ማልቀስ አቃታት። ዕንባ እምቢ አላት፣ ደከማት ብቻ። ከዚህ አገር ለጥቂት ጊዜም ቢሆን ዞር ማለት፣ ሰው ስለ ድንች ብቻ የሚጨነቅበት ቦታ ሄዳ መቀመጥ ፈለገች።

የማመልከቻው ቅጽ ከሆላንድ በፖስታ መጣላት። ከትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ከሙሉወርቅ ጋር በምሳ ሰዓት ቢሮ ተቀምጠው በታይፕ ሞሉት። ሙሉወርቅ ጣቷ ፈጣን ነው፣ አፏ ደግሞ ከጣቷ ይፈጥናል። የመጀመሪያው ባዶ ቦታ ላይ ግን ሁለቱም ቆሙ።

«ሰርኔም ይላል» አለች ሙሉወርቅ። «የቤተሰብ ስም ማለት ነው።»

«የቤተሰብ ስም የለንማ።»

«እና ምን ልምታ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! የአባቴን ምቺው።»

መታችው። ነገራ ከፊት ወጣ፣ ወርቅቱ ከኋላ ገባች። «ኦቦ ነገራ በስተርጅና ሆላንድ ሊማሩ ነው! ካፖርት ይገዛላቸው እንጂ» አለች ሙሉወርቅ፤ ሳቁና ወደሚቀጥለው ባዶ ቦታ አለፉ።

የቀረው ወረቀት ግን የሚያስቅ አልነበረም። አዲስ አበባ እየሄደች የዩኒቨርሲቲ ውጤቷን ማስገልበጥ ነበረባት። አውቶቡሱ ጊንጪ ላይ ይቆማል፤ ሹፌሩ ቁርሱን እስኪበላ፣ ረዳቱ ከጣሪያው ላይ ጆንያ እስኪያወርድ ይጠበቃል። አዲስ አበባ ስትደርስ መዝገብ ቤቱ ለምሳ ተዘግቷል። ከምሳ በኋላ «ነገ ተመለሺ» ትባላለች። ነገ ደግሞ ክፍል አላት። እንዲህ እያለች እግሯ እስኪነቃ ተመላለሰች። የትውልድ ቦታዋም ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። የተወለደችው ጎጆ ነው። የስምንተኛ ክፍል ወረቀቷ ላይ ግን ሀገረ ሕይወት ተብሎ ተጽፏል፤ ያኔ አምቦ በመንግሥት ወረቀት የምትጠራው በዚያ ስም ነበርና። ዲግሪዋ ላይ ደግሞ አምቦ ይላል። አንዱ መዝገብ ያዥ መነጽሩን አወለቀና፣ «እህቴ፣ አንድ ሰው ሦስት ቦታ አይወለድም» አላት። ሁለቱ አንድ ከተማ መሆናቸውን፣ ሦስተኛው በዚያው አውራጃ መሆኑን ቆማ አስረዳች። ሰውየው አምቦን የሚያውቃት በጠርሙስ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ደጋግሞ ጠየቃት።

ሁለት ሰዎች ስለ እሷ መመስከር ነበረባቸው። ዶክተር ተሬፋና የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ጻፉላት፤ ደብዳቤውንም እያሸጉ በቀጥታ ወደ ሆላንድ ላኩ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ሆነ። ሙሉወርቅ ከፖስታ ሣጥን በተመለሰች ቁጥር ወርቅቱ በክፍሉ መስኮት አንገቷን ታስግጋለች፤ ሙሉወርቅም ከሜዳው ማዶ ራሷን ትነቀንቃለች። እንዲህ ሆኖ በጋው አለፈ።

ግንቦት ላይ ሁለት ፖስታ ባንድ ቀን መጣ፣ ሁለቱም ከዚያው ከሆላንዱ ዩኒቨርሲቲ። ወርቅቱ የመጀመሪያውን ከፈተች። «የተከበሩ ሚስተር ነገራ፤ ማመልከቻዎ ደርሶናል። ስለ እርስዎ የሚመሰክር ደብዳቤ ግን ከማንም ስላልመጣልን ልንመለከተው አልቻልንም» ይላል። ሁለተኛውን ከፈተች። «የተከበሩ ሚስ ወርቅቱ፤ ስለ እርስዎ የሚመሰክሩ ሁለት ግሩም ደብዳቤዎች ደርሰውናል። እርስዎ ግን ማመልከቻ ስላልላኩ ልንመለከተው አልቻልንም።»

ጉድ በሉ! ነገሩ እንዲህ ነው፤ ዶክተር ተሬፋም ዲሬክተሩም የጻፉት የትኛውም የአገራችን ሰው እንደሚጽፈው ነው። ወርቅቱ ጎበዝ ናት፣ ወርቅቱ ታታሪ ናት፣ ወርቅቱ እንዲህ ናት። የአባቷን ስም አንድም ቦታ አላነሱም፤ ለምን ያነሱታል? እዚያ ያለው ጸሐፊ ደግሞ ማመልከቻውን በነገራ ስም፣ ምስክሮቹን በወርቅቱ ስም አስቀመጣቸው። አንዱ ፋይል ውስጥ ምስክር ያጣ ሰውዬ፣ ሌላው ውስጥ ሰው ያጣ ምስክር። ሁለቱ ፋይሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጠባበቁ ከረሙ።

ሙሉወርቅ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ወርቅቱም አብራ ሳቀች፤ ስትስቅ ስትስቅ ድንገት ሆድ ባሳትና ግንባሯን ታይፑ ላይ ደፋች።

«አንድ ዓመት፣ ሙሉዬ! አንድ ዓመቴን እኮ ስሜ በላው!»

«አይዞሽ፣ ቀሪ ዓመት አለሽ» አለቻት ሙሉወርቅ፣ ትከሻዋን እየደባበሰች። «አሁንማ አወቅሽው። ከአሁን በኋላ አንቺ ነገራ ነሽ፣ አለቀ።»

በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ ጀመረች። ያው አውቶቡስ፣ ያው መዝገብ ቤት፣ ያው ነገ ተመለሺ። አሁን ግን ምስክሮቿን ማስተማር ነበረባት። ዲሬክተሩ እሺ አሉ፤ ቸኩለው ስለነበር ያነበቡትም አይመስልም። ዶክተር ተሬፋ ግን ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደገፉ። ጸጉራቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ነጭ ሆኗል፤ ከአጠገባቸው ያሉት ቢሮዎች አብዛኞቹ ተቆልፈዋል፤ መምህራኑ አንዳንዱ ተሰዷል፣ አንዳንዱ አይጠየቅም።

«ምን ብዬ ልጻፍ ነው የምትዪኝ?»

«ሚስ ነገራ ብለው።»

«ልጄ፣ እኔ ያስተማርኩት አንቺን ነው እንጂ አባትሽን አይደለም። አባትሽ ማይክሮስኮፕ ነክተው ያውቃሉ?»

«ኧረ አያውቁም፣ ዶክተር።»

«ታዲያ ነገራ በማይክሮስኮፕ ሥራ የተመሰገነች ናት ብዬ እንዴት ነው የምፈርመው? የማላውቀው ሰው ላይ መመስከር ሆነ እኮ።»

«ዶክተር፣ በፈጠረዎት ይጻፉልኝ። እነሱ ዘንድ እኔ ነገራ ነኝ።»

 ዶክተር ተሬፋ እስክሪብቶ አነሱና ካለፈው ዓመት ቅጂ ላይ ወርቅቱ የሚለውን እያንዳንዱን ቦታ በእጃቸው ይሰርዙ ጀመር። እየሰረዙ፣ «እንግዲህ ይሁን፤ ሂጂ ብቻ። አንድ ሰው እንኳ ደህና ቦታ ይድረስልኝ» አሉ። ወርቅቱ ስሟ ሲሰረዝ ቆማ ታይ ነበርና ደስ አላላትም።

ሰኔ 1974 አንድ ፖስታ መጣ። አንድ ብቻ! «የተከበሩ ሚስ ነገራ» ይላል፤ ተቀብለንዎታል፣ የአውሮፕላን ቲኬትዎንም፣ ቀለብዎንም፣ መኝታዎንም እኛ እንችላለን፣ በእናንተ አቆጣጠር እስከ መስከረም መጨረሻ ካልደረሱ ግን ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ሙሉወርቅ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ግድግዳውን አይታ መልሳ ዘጋችው። የዚያን ጊዜ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ደስታው ጮክ ተብሎ አይነገርም። ወርቅቱ ደብዳቤውን ደጋግማ አነበበችው። ነገራ፣ ነገራ፣ ነገራ። ከላይ እስከ ታች ወርቅቱ የሚል አንድም ቦታ የለም። ያኔ ልብ አላለችውም።

የትምህርት ቤቱ መልቀቂያ ተገኘ። የቀበሌው ሊቀመንበር የድጋፍ ደብዳቤ ለመጻፍ አመላለሳት፤ የጴንጤ ልጅ ናት የሚል ወሬ ጆሮው ደርሶ ነበር። በኋላ የጻፈላት ባለቤቱ ጨቅጭቃው ነው፤ ሴትዮዋ ፊደል የቆጠረችው ወርቅቱ ዘንድ ነበርና፣ «እኔን ያስተማረችን ሰው ማኅተም ልትነፍግ ነው?» ብላ መድረሻ አሳጣችው። ቀጥሎ የሆላንዱ ደብዳቤ ወደ አማርኛ መተርጎም ነበረበት። ተርጓሚው ሥራውን አክባሪ ሰው ነው፣ ካየው ላይ አንዲት ነጥብ አይጨምርም አይቀንስም። «የተከበሩ ወ/ት ነገራ» ብሎ ተረጎመው፣ ማኅተሙን አሳረፈበት።

ይህን ሁሉ ይዛ ከአውራጃው መሥሪያ ቤቶች ወደ አንዱ ሄደች። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ጉዳይ የሚመረመረው እዚያ ነው፤ የሚመረምረው ደግሞ ጓድ ዲንሳ የሚባል ሰው ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጨጓራውን በአምቦ ውሃ እያባበለ ቀኑን የሚገፋ፣ ለወንበሩ የሚፈራ ሰው ነው። ያን ሰሞን የሌላ ሰው የትምህርት ዕድል ይዞ የወጣ፣ ወጥቶም የቀረ ሰው አለ ተብሎ ወረቀቱን ያሳለፉት ሠራተኞች ተጠይቀው ነበርና፣ ዲንሳ እያንዳንዷን ፊደል ጣቱን እያስኬደ ያነባል።

«ይህ ደብዳቤ የተጻፈው ነገራ ለሚባል ሰው ነው» አላት።

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ወርቅቱ ነሽ። ነገራ የወንድ ስም ነው።»

«አባቴ ናቸው።»

«እንግዲያው የተጠሩት እሳቸው ናቸዋ!»

«ፈረንጆቹ ዘንድ ሰው በአባቱ ስም ነው የሚጠራው፣ ጓድ።»

«ይሆናል። እኔ የተቀመጥኩት ግን ፈረንጅ አገር አይደለም። ነገ ነገራ ማን ነው ብለው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?»

ለመነችው፣ አስረዳችው፣ የአምናዎቹን ሁለት ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ዘርግታ አሳየችው። እነሱን ሲያይ ጭራሽ ደነገጠ፤ «ይኸው! እነሱም ሁለት ሰው ነው ብለዋል» አለ። ቆሽቷ አረረ። በመጨረሻ ወረቀቶቹን ሰብስቦ በክር አሰረና ወደ እሷ ገፋቸው።

«ባለስሙ ይምጣ። እዚህ ቀርቦ፣ በዚህ ደብዳቤ ላይ ያለችው ነገራ ልጄ ናት ብሎ ይመስክር፣ ይፈርም። ያለዚያ እኔ ማኅተም አላሳርፍም።»

ወርቅቱ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከአገሩ ሰው ሁሉ መርጠው እንድትሄድ የማይፈልገውን አንድ ሰው ነው የጠሩባት። ለፋሲካ ጎጆ ሄዳ ነገሩን ስታጫውታቸው ኦቦ ነገራ ተነሡና በጎቹን ሊያዩ ወጡ፤ ሲመለሱም በሩ ላይ ቆመው፣ «ማን ቀረኝ?» አሉ፣ ለእሷ ይሁን ለሌላ ሳይታወቅ። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩ አልተነሣም። አሁን ደግሞ ሄዳ፣ አባቴ ይምጡና እኔን አሳልፈው ይስጡኝ ልትላቸው ነው።

ነሐሴ ነበር። ከጊንጪ እስከ ጎጆ መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው፤ መኪና አይሞክረውም። እኩሌታውን በኪራይ ፈረስ፣ እኩሌታውን ጫማዋን በእጇ ይዛ በእግሯ ሄደች። ደርሳ እሳት ዳር ተቀምጣ ጉዳዩን ነገረቻቸው። ኦቦ ነገራ ሰሙ፣ እንጨቱን ወደ ውስጥ ገፋ አደረጉ፣ «መቼ ነው የሚፈልጉኝ?» አሉ።

«በዚህ ሳምንት ነው፣ አባኮ» አለች፤ አባቴ ማለቷ ነው።

«እንግዲያው ጠዋት እንውረድ» አሉ። 

በማግስቱ ዝናብ እየመታቸው ወረዱ፤ እሳቸው ቡልኮአቸውን ተከናንበው ፈረሳቸው ላይ፣ እሷ ከጎን። ጊንጪ ላይ ፈረሱን ዘመድ ቤት አስረው አውቶቡስ ተሳፈሩ። መንገዱን ሁሉ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀስ ነበርና ስለ መንገዷ የሚጸልዩላት መሰላት።

መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ወርቅቱ እጃቸውን ያዘቻቸው። የተናገረችውን ከቤት አስባው አልመጣችም፤ ከአፏ ዝም ብሎ ወጣ።

«አባኮ፣ አይደለችም ቢሏቸውም አልቀየምዎትም። እውነቴን ነው። ደክሞኛል። ከዛሬ በኋላ አንዲት ወረቀት እንኳ የምለምንበት አቅም የለኝም። አይደለችም ካሉ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ፣ አብረን እንኖራለን፣ ደግ ነው።»

ኦቦ ነገራ አዩአት። ቡልኮአቸውን አስተካከሉና ቀድመዋት ገቡ።

ጓድ ዲንሳ ሽማግሌ ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። «ኦቦ ነገራ፣ አካም ጂርቱ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው፤ ወንበር ሳበላቸው። የኦቦ ነገራ አማርኛ እምብዛም ስላልሆነ ጥያቄውንም በኦሮምኛ ቀጠለ፤ የሚጽፈው ግን በአማርኛ ነው። ስም። ነገራ ሆርዶፋ። ሥራ። ገበሬ። ዕድሜ። እሱን እንኳ እግዚአብሔር ያውቃል። «ከእሷ ሌላ ልጅ አለዎት?»

«ጂራ» አሉ ኦቦ ነገራ።

ዲንሳ «አለ» ብሎ ጻፈ። «የት ነው ያለው?»

ኦቦ ነገራ ወደ ወርቅቱ ዞሩ። ዲንሳ ቀና ብሎ ጠበቀ። 

«ስሙ ነው፣ ጓድ» አለች ወርቅቱ። «ጂራ ስሙ ነው። በሰባ...» ልትጨርሰው አልቻለችም።

መጨረስም አላስፈለጋትም። በሰባ የተባለ ነገር ለማንም ትርጉም አይሻም። ዲንሳ የጻፈውን አየው፤ አልሰረዘውም፣ አላስተካከለውም፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከጠርሙሱ ተጎነጨ። ተነሥቶ በሩን ዘጋና ተመልሶ ሲቀመጥ ድምፁ የቢሮ ድምፅ አልነበረም።

«ኦቦ፣ እንግዲህ እሷ ብቻ ናት የቀረችዎት። እኔ አንዲት ቃል ነው የምፈልገው። አይደለችም ካሉኝ ነገሩ እዚሁ ያልቃል። ማንም አይነካትም፣ ማንም አይጠይቃትም፣ ነገ ወደ ማስተማሯ ትመለሳለች። ነች ካሉኝ ደግሞ ትሄዳለች። እንደ እርስዎ ነው።» ደብዳቤውን ፊታቸው ዘረጋ። «እዚህ ላይ ነገራ የተባለችው ልጅዎ ወርቅቱ ናት?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ወርቅቱ ወለሉን ታይ ነበር። አይደለችም እንዲሉ ፈለገች፣ ነች እንዲሉም ፈለገች፤ ከሁለቱ አንዱን የምትመርጥበት ጉልበት አልነበራትም። የአባቷን ትንፋሽ ትሰማለች። ዲንሳ አልቸኮለም።

«ኤዬ» አሉ ኦቦ ነገራ። አዎ ማለታቸው ነው። ድምፃቸው ቀጭን ሆኖ ወጣና ጮክ ብለው ደገሙት። «ኤዬ። እሷ ናት። ስሙ የኔ ነው፣ ሰጥቻታለሁ።»

መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ፊደል ቆጥረዋልና ጣታቸውን ቀለም ማስነካት አላስፈለጋቸውም። ጎንበስ ብለው፣ ምላሳቸውን ነከስ አድርገው፣ አንድ አንድ ፊደል እያሉ ነገራ ብለው ፈረሙ። ዲንሳ ማኅተሙን መታ። ወረቀቶቹን በሁለት እጁ ለወርቅቱ ሰጣትና «መልካም መንገድ» አላት፤ ዓይኗን ግን አላያትም።

ውጭ ሲወጡ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆሙ። ወርቅቱ ይህ ቀን ሲመጣ እዘልላለሁ ብላ ታስብ ነበር። እንኳን ልትዘል፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ወረቀቱ እንዳይረጥብ ሹራቧ ውስጥ ከተተችው። ልታመሰግናቸው ዞረች፤ ኦቦ ነገራ ግን ዝናቡን ነበር የሚያዩት።

«ከጎጆ ጀምሮ ስለምነው ነው የመጣሁት» አሉ።

«ማንን፣ አባኮ?»

«እግዚአብሔርን ነዋ! አይደለችም እንድል ፍቀድልኝ እያልኩ። አንዲት ውሸት ናት፣ በስተርጅና አንዲት ውሸት ይቅር በለኝ እያልኩ። መንገዱን ሁሉ።»

«ምን አለዎት?»

«ዝም አለኝ።»

ያኔ ወርቅቱ አለቀሰች። ጂራን ከወሰዱት ጀምሮ እምቢ ያላት ዕንባ መጣና መንገደኛ እያያት፣ አፏን እንኳ ሳትሸፍን እንደ ልጅ አለቀሰች። ኦቦ ነገራ አላባበሏትም። በቡልኮአቸው ጫፍ ፊቷን ጠረጉላትና በዱላቸው ወደ አውቶቡሱ መናኸሪያ አመለከቷት።

«ሂጂ እንግዲህ፣ ልጄ። ተመልሼ ገብቼ ዋሽቻለሁ ሳልላቸው፣ ሂጂ።»